ኩበት የሌለው ከብት

ሬሳው የተገኘው የካ ውስጥ፣ በድልድዩ ሥር፣ የቆዳ ማልፊያው ፍሳሽ ከእንጦጦ ከሚወርደው ወንዝ ጋር በሚቀላቀልበት ቦታ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ጊዜው ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ነበር። ሽታው እንዲህ በቀላሉ ሽታ ተብሎ የሚታለፍ አልነበረም። የደብረ ብርሃን አውቶቡስ ሾፌር መስኮቱን ሳይዘጋ በዚያ ድልድይ ካለፈ ሸኖ እስኪደርስ አፍንጫውን ሲያሽ ይሄዳል። አሞራ እንኳ ከላይ ሆኖ ያየውና፣ ዞር ዞር ብሎ ያስብበትና፣ ትቶት ይሄዳል። ወንዙ ከመንደሩ የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ ከጉሊቱ የበሰበሰ ጎመን፣ ከማልፊያው ደግሞ ጠጉርና ሞራ እየተቀበለ እንደ ገንፎ ይንፈቀፈቃል። ከላዩ የሰፈረው ቢጫ አረፋ ንፋስ ሲነካው ተነሥቶ የመንገደኛ ከንፈር ላይ ያርፋል።

ሻምበል ለይኩን መሐረብ አላወጣም። ከምሥራቅ አፍሪካ ፖሊሶች ሁሉ የእሱን ያህል አፍንጫ ይዞ የተወለደ አልነበረም። አንድ ጊዜ የካልሲ ሽታ ብቻ ተከትሎ ከመርካቶ ሱሉልታ ድረስ በእግሩ ሄዶ ሌባ ይዟል ይባላል። ይህን የሚለው ራሱ ለይኩን ቢሆንም፣ እስከ ዛሬ ያስተባበለው ሰው የለም። ሾፌሩ ሃምሳ አለቃ ፉፋ ግን ገና ከመኪናው ሲወርድ ቁርሱን ለሳማው አስረክቦ ጨርሶ ነበር።

«ጌታዬ፣ እኔ ከላይ ሆኜ ልጠብቅ?»

«ና ውረድ! ሽታ እኮ መጽሐፍ ነው፣ ፉፋ። ማንበብ ነው እንጂ መሸሽ ምን ይባላል?»

«ይህኛውን መጽሐፍ ጨርሰው ይንገሩኝ፣ ጌታዬ።»

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገብረማርያም ሽጉጡን በወገቡ አንጠልጥሎ፣ አፉን በክንዱ ሸፍኖ ቀረበ። «ሟቹ ተክሌ ነው፣ የጤና ጥበቃው። ውሃ በጠርሙስ እየቀዳ ስለሚዞር ሰፈሩ ተክሌ ጠርሙሱ ይለዋል። ደግሞም ብዙ አይድከሙ፣ ጓድ ሻምበል። ገዳዩን ይዘነዋል።»

«እንዴት ያለ ፍጥነት ነው! ማን ነው?»

«ጉደታ የሚባል ነው። ድሮ እዚሁ ገበሬ ነበር፤ አሁን አንዲት ላም ነበረችው። እሷም ሞተችበትና ባለፈው ሳምንት ሰው ሁሉ እየሰማ ለተክሌ ‹እዚሁ ውሃ ውስጥ ነው የምደፍቅህ› አለው። ይኸው ደፈቀው። ከምሳ በኋላ የከፍተኛው መኪና መጥታ ትወስደዋለች።»

ለይኩን ሰዓቱን አየ። ከፍተኛ ወደሚባለው የቀበሌዎች የበላይ መሥሪያ ቤት ተወስዶ የታሰረ ሰው በዚያ ዘመን ስንቅ የሚያደርስለት እንኳ አይገኝም ነበር፤ የት እንዳለ የሚናገር የለምና። ከምሳ በፊት ሌላ ገዳይ ካልተገኘ ጉደታ አለቀለት።

ጎንበስ ብሎ ሬሳውን ገለበጠው። ሊቀመንበሩና ሁለት አብዮት ጠባቂዎች በአንድ ላይ ፊታቸውን አዞሩ። ልብሱን የሸፈነው የማልፊያው ዝቃጭ ግራጫ ነው፤ አፍንጫውን የደፈነው ግን ጥቁርና ማስቲካ መሳይ ነገር ነበር። ለይኩን በጣቱ ጠቅ አድርጎ አሸተተው። ፉፋ ሁለተኛውን ዙር ለሳማው ሰጠ።

የሟቹ ቀኝ እጅ እንደ ተጨበጠ ደርቋል። ሲፈለቅቁት አንድ ቁንጥር አጭር፣ ነጭ ጠጉር ተገኘበት። ኮቱ ኪስ ውስጥ ደግሞ ቡሹ በሰም የታሸገ ጠርሙስ አለ። ውሃው ለዓይን ኩልል ያለ ነበር። ለይኩን ከፍቶ አሸተተና ወዲያው መልሶ ደፈነው። ከዚያ ጎርፉ በድልድዩ እግር ላይ የከመረውን ጥራጊ አየ፤ ገና ያልጠወለገ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፣ እንደ ጎመን ተከትፏል።

«ትናንት ማታ ዘንቦ ነበር እንዴ?» ሲል ጠየቀ።

«ጠብ አላለም» አለ ገብረማርያም። «ጎርፉ ግን መጣ። እንጦጦ ላይ ሲዘንብ እኛን ሳይነካ ወንዙ ይሞላል።»

የማልፊያው ሥራ አስኪያጅ ኢቲቻ ወፍራም መነጽር ያደረገ የኬሚስትሪ ምሩቅ ነው። ቢሮው የሬት፣ የኖራና የተቀቀለ ቀንድ ሽታ በአንድ ላይ ይዟል። በግቢው ውስጥ ከቆዳ የተፋቀ ሥጋ ተከምሮ፣ ዝንቡ ከብዛቱ የተነሣ እንደ ወፍጮ ይጮኻል።

«ከተክሌ ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል» አለው ለይኩን።

«እሱ ከማን ጋር ያልተጣላ?» አለ ኢቲቻ። «‹ውሃ ይተነፍሳል፣ ኢቲቻ› ይለኛል። ‹አንተ የምትደፋው ሥጋና ደም ሲበሰብስ ትንፋሹን ይበላበታል፤ ከዚያ ውስጡ ያለው ሁሉ ታፍኖ ይሞታል።› ጥቁር ባሕር ዳር ነው የተማረው። ከየወንዙ አፍ የሚገባ ጉድፍ ባሕርን የሚያህል ነገር ሲያገማ፣ ዓሣ በሆዱ ተገልብጦ ዳር ሲወጣ አይቻለሁ ይል ነበር።»

«እና ምን አሉት?»

«እውነትህን ነው አልኩት። ግን ኮታዬን ማን ይቀንስልኛል? ማጣሪያ ጉድጓድ ይቆፈርልን ብለን ማመልከቻ አብረን ፈርመናል። ብገድለው ያን ማመልከቻ ማን ተከታትሎ ያስጨርስልኛል?»

ለይኩን ጠጉሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረለት። «የእናንተ ነው?»

ኢቲቻ በጣቱ አሸው፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው። «አይደለም። ከኖራ የወጣ ጠጉር እንደ እርጥብ ጥጥ ይልመጠመጣል። ይህ ሽቦ ነው። ጫፉን ይዩት፣ ለሁለት ተሰንጥቋል። የበግም፣ የፍየልም፣ የላምም እንዲህ አይሰነጠቅም።»

«የምን ነው ታዲያ?»

ኢቲቻ ጠጉሩን እንደ ፍም ጣለውና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «አላውቅም። ማወቅም አልፈልግ።»

ከማልፊያው ሽቅብ ሲወጡ የእማማ የማርያምወርቅ አረቄ ቤት አለ። የእማማ አረቄ ዝነኛ ነው፤ አንድ መለኪያ የቀመሰ ሰው ቀጥ ብሎ ልሂድ ካለ ሁለተኛውን ሳይቀምስ ይወድቃል። ግቢያቸው መሐል ሰፊ ሰሌን ላይ ጌሾ ተሰጥቷል።

«ይህ ጌሾ ከመቼ ጀምሮ ነው የተሰጣው፣ እማማ?»

«ከትናንት ወዲያ፣ ሻምበልዬ። ወገቤ አልነሣ ብሎኝ ውጭ አደረ። እሰይ፣ ጠብ ሳይልበት ደረቀልኝ።»

ለይኩን ጌሾውን አፍሶ ጆሮው ሥር አንኮሻኮሸው። «አተላውንስ የት ያደርጉታል? ወንዝ ነው የሚደፉት?»

«ድሮ ነበር! ዛሬማ ማን አስነክቶኝ? አቶ ኃይለ መስቀል በየማለዳው በአህያ አስጭነው ይወስዱልኛል። የጉሊቱንም ትርፍራፊ፣ የሆቴሉንም እጣቢ እሳቸው ናቸው የሚወስዱት። ሰው አይደሉም፣ መልአክ ናቸው!»

«ለምናቸው ነው?»

«ለሚያደልቡት ከብት ነዋ! እንጦጦ ጫካ ውስጥ፣ ከምንጩ በላይ።»

«ከብቶቹን አይተዋቸዋል?»

«እኔ በዚህ ወገቤ? የምንጩም ቁልፍ ያለው እሳቸው ዘንድ ነው፤ የውሃ ኮሚቴ አይደሉ። ሰው እንዳያቆሽሸው ብለው ማንንም አያስደርሱ።»

አቶ ኃይለ መስቀል ከቦኖው ፊት ለፊት ነበር የሚኖሩት። ያ ቦኖ የጓድ ገብረማርያም ኩራት ነው። ከእንጦጦ ምንጭ በቧንቧ ወርዶ መንደሩን ሁሉ ያጠጣል፤ ሊቀመንበሩ ሲያስመርቀው ከስዊዘርላንድ ውሃ ይበልጣል ብሎ ተናግሯል። ሰውየው በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። ራሳቸውን እስከ ቅንድባቸው በነጠላ ጠምጥመዋል። የቤታቸውና የአጥራቸው ግድግዳ በኖራ ተለስኖ እንደ እንቁላል ነጭ ነው፤ አንድ ጠብታ ቆሻሻ የለበትም። ለይኩን ግድግዳውን እንደ ሥዕል አደነቀው።

«ራስዎን አመመዎት፣ አባቴ?»

«ምች ነው፣ ልጄ። ምች መታኝ።»

«ይማርዎት። ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«የት እሄዳለሁ? ያ ሁሉ በረዶ ሲወርድ በሬን ዘግቼ ጸሎቴን ሳደርስ ነበራ። ከምሳ ጀምሮ አልወጣሁም፤ ሰውም አልመጣብኝ። የተክሌን ነገር አሁን ከአብዮት ጠባቂዎቹ ነው የሰማሁት። ነፍስ ይማር።»

«ከተክሌ ጋር ይስማሙ ነበር?»

«እንዴታ! ደግ ሰው ነበር። ጥቂት ይነተርክ ነበር እንጂ። ‹የትም የደፋችሁት ቆሻሻ ተመልሶ አፋችሁ ይገባል› ይላል። እኔ ግን እግዜር ወንዝን የፈጠረው ቆሻሻ እንዲወስድልን ነው ባይ ነኝ። ይወስደዋል፣ ይወስደዋል፣ መጨረሻ ባሕር ይከተዋል፤ ከባሕር ደግሞ ማን ያወጣዋል?» አሉና ከቦኖው አስቀድተው በጣሳ ውሃ አቀረቡ። «ደክሞዎታል፣ ይጠጡ።»

ለይኩን ጣሳውን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ከዚያ በትሕትና መለሰላቸው። «ጾም ላይ ነኝ።»

«በምን ቀን?» አሉ ሽማግሌው ደንግጠው፤ ዕለቱ ማክሰኞ ነበርና።

ጉደታ በቀበሌው አዳራሽ ጓዳ፣ እጁ የፊጥኝ ታስሮ ተቀምጧል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ሚስቱ ጫልቱ በሩ ላይ ቆማ ከዘቦቹ ጋር ትጨቃጨቃለች።

«ከያዙት ጀምሮ ውሃ አልሰጡትም! ሰው አይደለም?»

«ግቢ አንቺ» አላት ለይኩን፣ ወደ ጉደታም ዞሮ «ተክሌን ዝተህበታል?» አለ።

«ዝቻለሁ። ግን አልነካሁትም። ‹ላምህን ወንዝ አታውርዳት፣ ቆዳ ፋብሪካው ይገድላታል› አለኝ። እሺ ብዬ ከቦኖው ፍሳሽ ብቻ አጠጣኋት፤ ሆዷ ተነፍቶ ሞተች። ተናድጄ ሰደብኩት። እሱ ግን ስድቡን ትቶ ‹ወንዝ አልወረደችም? እርግጠኛ ነህ?› እያለ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ፊቱ አመድ መሰለ። ትናንት ከሰዓት ጠርሙሱን ይዞ ሽቅብ ሲወጣ አየሁት። መጨረሻው እሱ ነው።»

ለይኩን ሲጋራውን አጠፋ። «ኃይለ መስቀል ብዙ ከብት እንደሚያደልቡ ታውቃለህ?»

ጉደታ ትከሻውን ሰበቀ። ጫልቱ ግን ከት ብላ ሳቀች፤ ደስታ የሌለበት ሳቅ ነው። «የትኞቹ ከብቶች? እሳቸው ኩበት የሚገዙት ከኔ እኮ ነው! አንዷን ላሜን ስንቀብር ‹እንግዲህ ኩበት ከየት ልናገኝ ነው› ብለው ያዘኑ እሳቸው ናቸው!»

ሻምበል ለይኩን ተነሥቶ ወጣ። ፉፋን ጥግ ወስዶ በጆሮው አንሾካሾከለት። ፉፋ ዓይኑ ፈጠጠ።

«ጌታዬ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ!»

«በጆንያ ያዘው። በእጅህ ንካው አልተባልክም። ሂድ፣ በእንጦጦ ማርያም መንገድ ንዳ፣ ከምንጩ በላይ በእግርህ ግባ። ሽታው ይመራሃል።»

እኩለ ቀን ሲያልፍ ጥሩንባ ተነፋ። ሕዝቡ አዳራሹን ሞላው፤ ከፊት ኢቲቻ፣ እማማ የማርያምወርቅ፣ ኃይለ መስቀልና ጓድ ገብረማርያም ተቀመጡ። ጉደታም ታስሮ ቀረበ። የከፍተኛው መኪና ውጭ ቆማ ክላክስ ታሰማለች።

«ይፍጠኑ፣ ጓድ ሻምበል» አለ ገብረማርያም።

«እኔ ከዚህ የባሰ የተወሳሰበ ነገር በሻይ ሰዓት ፈትቻለሁ» አለ ለይኩን፤ ቆቡን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ አለ። «ተክሌ የሞተው እዚህ ድልድይ ሥር አይደለም። ልብሱን የሸፈነው የማልፊያው ዝቃጭ ነው፤ አፍንጫውን የደፈነው ግን ሌላ ነው። ሰው የሚተነፍሰው በሕይወት እያለ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በዚያ ጥቁር ነገር ታፈነ፣ ቀጥሎ ጎርፍ አምጥቶ ኢቲቻ ደጅ ጣለው።»

«ጥቁር ነገሩ ምንድን ነው?» አለ ኢቲቻ።

«እደርስበታለሁ። ተክሌ ኪስ ውስጥ ጠርሙስ አለ። ቆዳ ቆዳ አይሸትም፤ ስለዚህ ከማልፊያው በላይ የተቀዳ ነው። ለምን ወደ ላይ ወጣ? የጉደታ ላም ወንዝ ሳትወርድ፣ ቦኖ ብቻ ጠጥታ ስለሞተች። እናንተ ሁላችሁ ወደ ታች ስታዩ እሱ ብቻ ወደ ላይ አየ።»

አዳራሹ ውስጥ ጉምጉምታ ተነሣ። ገብረማርያም ብድግ አለ። «ቦኖው ንጹሕ ነው! ያስመረቅኩት እኔ ነኝ!»

«ቁጭ በል፣ ጓድ። ሦስተኛው፣ ትናንት ማታ እዚህ ጠብ አላለም። የእማማ ጌሾ ውጭ አድሮ እንደ ሲጋራ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። እንጦጦ ላይ ግን በረዶ ወርዷል፤ ጎርፉ ያመጣው የባሕር ዛፍ ቅጠል በቢላዋ የተከተፈ ይመስላል። እዚህ መንደር ከቤት ሳይወጣ፣ ከሰው ሳይገናኝ፣ በረዶ መውረዱን ያወቀ አንድ ሰው ብቻ አለ። ‹ያ ሁሉ በረዶ ሲወርድ› ብለውኛል፣ አባቴ።»

ዓይን ሁሉ ወደ ኃይለ መስቀል ዞረ።

«በሬዲዮ... ሰምቼ...»

«ነጠላዎን ያውርዱ።»

«ምች ነው አልኩ!»

«ምች የመታው ሰው ቤቱ ዳማ ከሴ ነው የሚሸተው። የእርስዎ ቤት ቅጠልም አይሸት። ያውርዱ!»

ነጠላው ወረደ። መላጣቸው ላይ የእንቁላል አስኳል የሚያካክሉ ቀያይ እብጠቶች ተዘርተዋል። ሰማይ ራሱ በበረዶ መዶሻ ፈርሞባቸዋል ማለት ይቻላል።

«እሺ፣ ከብቶቼን ላይ ወጥቼ ነበር!» አሉ። «ከብት ማድለብ ወንጀል ነው?»

«ከብት! የዚህ ሁሉ ቁልፍ እዚያ ላይ ነው። በየካ ከብት ያለው ሰው ግድግዳው ኩበት በኩበት ነው። የእርስዎ ግድግዳ ወተት ነው። የመንደሩን አተላ ሁሉ የሚበላ ከብት አለኝ እያሉ ኩበት ከጫልቱ ይገዛሉ። እበት የማይጥል ከብት የለም፤ እበቱ ኩበት የማይሆን እንስሳ ግን አለ። ጠጉሩ ሽቦ የሆነ፣ ጫፉ የተሰነጠቀ። ፉፋ!»

ፉፋ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ፣ ክንዱን የቻለውን ያህል ከራሱ አርቆ፣ የሚንቀጠቀጥ ጆንያ ይዞ ገባ። ጆንያው ጮኸ። ያ ጩኸት አዳራሹን እንደ ምጣድ ሰነጠቀው።

«በስመ አብ!» አሉ እማማ የማርያምወርቅ።

«አዑዙ ቢላሂ!» አለች ከኋላ የተቀመጠችው አስያ፤ እግሯን አግዳሚው ላይ ሰቀለች።

ከጆንያው አንድ ጭቃ የለበሰ የአሳማ ግልገል ዱብ አለ። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ወደ ግድግዳው ሲሸሽ ግድግዳው አንድ ክንድ የተገፋ መሰለ።

«ብዙ ናቸው፣ ጌታዬ» አለ ፉፋ በተሰበረ ድምፅ። «ጋጣቸው ከምንጩ በላይ ነው። ፍሳሹ... ምን ብዬ ልንገርዎት... ቀጥታ ወደ ቧንቧው ነው የሚገባው። በጋጣው ጥቁር ዝቃጭ ውስጥ የወደቀ ሰው ተንፈራግጦ የቆፈረው ቦታ አለ።»

ኃይለ መስቀል ተንበረከኩ። «ከሩሲያ ለመጡት ነጮች አማካሪዎች ነበር የምሸጠው... ማንም አያውቅም ብዬ... ተክሌ አየኝ። ‹ለሕዝቡ እነግራለሁ› አለኝ። ኃይለ መስቀል አሳማ አረባ ከምባል! በዳዊቴ፣ በማኅበሬ ፊት! ገፋሁት፤ ሊነሣ ሲል አንዱን አሳማ ጨበጠ፤ እኔ ጭንቅላቱን... ጎርፉ ሲመጣ ለጎርፉ ሰጠሁት። ባሕር ይወስደዋል ብዬ...»

«የትኛው ባሕር?» አለ ለይኩን። ለመጀመሪያ ጊዜ ጉራው ከድምፁ ጠፍቷል። «ይህ ወንዝ አቃቂ ይገባል፣ አቃቂ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽ ደግሞ አፋር በረሃ ላይ ይሰጥማል። ባሕር አይደርስም። የደፋነው ሁሉ እዚሁ አገር ውስጥ ነው የሚቀረው፤ አፈር ይጠጣዋል፣ ከብት ይጠጣዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ እዚሁ፣ በጣሳ...»

ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ አላስፈለገውም። እማማ የማርያምወርቅ አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከመካከለኛው ረድፍ አንድ ሰው ማስመለስ ጀመረ፤ ሁለተኛው ተከተለው። ጓድ ገብረማርያም በምረቃው ዕለት በሕዝብ ፊት አንድ ሙሉ ብርጭቆ ጭልጥ ማድረጉ ትዝ አለውና በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መዘርዘር ነውር ነው። አዳራሹ በሮቹም መስኮቶቹም በቂ አልሆኑትም። የከፍተኛው መኪና ሾፌር ምን እንደ ሆነ ሊጠይቅ ገባና ሳይጠይቅ ወጣ። የዚያን ዕለት የየካ መንደር ሁለት ዓመት የጠጣውን በአንድ ከሰዓት መለሰ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አብዮት ጠባቂዎቹ ኃይለ መስቀልን በክንዳቸው ጫፍ፣ ላለመንካት እየተጠነቀቁ፣ መኪናው ላይ ሰቀሉ። ጉደታን ለመፍታት ትእዛዝ የሚሰጥ ግን አልተገኘም፤ ሊቀመንበሩ መስኮቱ ላይ ነበር። ጫልቱ ማንንም አልጠበቀችም። ተንበርክካ ገመዱን በጥርሷ ፈታችው።

ጉደታ የደነዘዘ እጁን እያሸ ዙሪያውን አየ። «ውሃ» አለ። «እባካችሁ፣ ውሃ ስጡኝ።»

ጥግ ላይ እንስራ ሞልቶ ቆሟል፣ ላዩ ላይ ጣሳ ተደፍቶበታል። ማንም አልተንቀሳቀሰም። እማማ የማርያምወርቅ እጃቸውን ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡ። ለይኩን ኪሱን ዳበሰ፤ ከተክሌ ጠርሙስ በቀር የያዘው አልነበረም። በዚያ ሁሉ መንደር፣ ንጹሕ ነው ለተባለ ሰው የሚሰጥ አንድ ጉንጭ ንጹሕ ውሃ ጠፋ።

ያኔ ቆርቆሮው ላይ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። ጫልቱ ጣሳውን አነሣች፤ በቀሚሷ ጫፍ ውስጡን ወለወለችው፣ አየችው፣ ደግማ ወለወለችው። ከዚያ ወጥታ ከጣሪያው አፋፍ ራቅ ብላ፣ ከሰማይ በቀር ምንም ባልነካው ዝናብ ሥር ቆመችና ዘረጋችው። ጉደታ ከበሩ ላይ ሆኖ ይጠብቃል። ሌላውም ሰው አፉን እየጠረገ፣ እያፈረ፣ ከኋላው ቆሞ ጣሳው እስኪሞላ ጠበቀ።